ክላይቭ ታሎክን ከጓዶቹ የለየው ሰው

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የአንገስ ታሎክ ጥርጣሬ ሥሩ ያለው የልጁን ሞት በነገረው ቴሌግራም ውስጥ አይደለም። ከቴሌግራሙ አምስት ወር ዘግይቶ በመጣ የስም ዝርዝር ውስጥ ነው።

ቴሌግራሙን የመንደራችን የኩራባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጦርነቱ በገባ በአምስተኛው ዓመት፣ በወርኃ መጋቢት፣ ክላይቭ ታሎክ የተሳፈረበት ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ጀርመን ላይ ወደቀና የሃያ ሁለት ዓመቱ ልጅ እዚያው ቀረ። በዚያን ጊዜ ከበግና ከስንዴ ሌላ ምንም በማናውቅ በእኛ አገር እንዲህ ያለ ቴሌግራም ያልገባበት ቤት ጥቂት ነበር። ለቅሶ ደረስን፣ ኬካችንን ይዘን ሄድን፣ የሚባለውን ብለን ተመለስን።

ዝርዝሩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አየር ኃይሉ በአንድ አውሮፕላን አብረው የሞቱ ልጆች ወላጆች እርስ በርስ እንዲጽናኑ ስማቸውንና አድራሻቸውን ይልክላቸው ነበር። ሙሪየል፣ የአንገስ ሚስት፣ ስድስቱን ስሞች ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብላ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችለት። እስከ መጨረሻው ሰማትና ወረቀቱን ተቀብሎ ራሱ ደገመው። ከስድስቱ አንዱንም አያውቀውም።

ይህ እንዴት ይሆናል? ክላይቭ በየሳምንቱ በሚጽፈው ደብዳቤ አብረውት የሚበሩትን ስድስት ሰዎች እዚያው ቤት ያደጉ ያህል አስተዋውቋቸዋል። ዘፈን የማይሆንለት፣ ዘፈንም የማይተወው አብራሪ ነበር። ከታዝማኒያ ደሴት፣ ከፖም እርሻ የመጣው መንገድ መሪ ኔቪል ፔትሪም ነበር። አውሮፕላኑ ከመሬት በተነሳ ቁጥር ያስመልሰዋል፣ መንገድ ግን ስቶ አያውቅም ብሎ ጽፎላቸዋል። ከእነዚያ ስሞች አንዱም ዝርዝሩ ላይ የለም። አንገስ ለጦር ሰፈሩ ጻፈ። የመጣለት መልስ ሁለት መስመር ነው፤ ልጅዎ በዚያ ዕለት የበረረው በተተኪነት ከሌላ ቡድን ጋር ነበር፣ የቀድሞ ጓዶቹ በሙሉ አገልግሎታቸውን ፈጽመው በሕይወት ይገኛሉ ይላል።

ሁሉም በሕይወት አሉ። ከክላይቭ በቀር።

እንደ አንገስ ዕድሜውን በሽለታ ቤት፣ የበግ ሱፍ በሚሸለትበት አዳራሽ ውስጥ የኖረ ሰው እንዲህ ያለውን ወረቀት በአንድ መንገድ ብቻ ነው የሚያነበው። በግ ሸላቾች ወቅቱን በቡድን ጀምረው በቡድን ይጨርሳሉ። በወቅቱ መሃል ቦታውን ለቅቆ ሌላ ቡድን ውስጥ የተገኘ ሰው ወይ ሰርቋል፣ ወይ ሰክሯል፣ ወይ ጓዶቹ አድመው አስወጥተውታል። አንገስ በሃምሳ ስድስት ዓመት ዕድሜው አራተኛ ምክንያት አላየም። ልጁ የሰው ነገር አይነካም፣ ከሁለት ብርጭቆ ቢራም አያልፍም። የቀረው ሦስተኛው ነው። አንድ ሰው ልጁን ከጓዶቹ ለይቶ አስወጥቶታል፣ በማያውቃቸው ሰዎች መሃል እንዲሞት አድርጎታል። ያንን ሰው ማወቅ አለበት። ሙሪየልም ለሌሎቹ ስድስት እናቶች እየጻፈች፣ በእያንዳንዱ ደብዳቤ መጨረሻ ያንኑ ትጠይቅ ነበር፤ ልጄ እናንተ ዘንድ ለምን እንደመጣ ታውቃላችሁ ወይ? እነሱ ምን ያውቃሉ።

ድሮም ቢሆን አንገስ ሰው አያምንም። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር የተባለው ለእሱ ነው እንዳንል፣ ጠዋት ጠዋት የአጃ ገንፎውን በማንኪያ ገልበጥ ገልበጥ ሳያደርግ አይበላም። ሠላሳ ዓመት አብሮት የሠራው ሸላቹ ፐርሲ ግሪቭ በመጠጥ ቤት ሰው በተሰበሰበበት፣ “አንተ አንገስ፣ ቅዱስ ጴጥሮስ የገነትን በር ቢከፍትልህ ‘ቆይ፣ መጀመሪያ ማጠፊያውን አሳየኝ’ ትለዋለህ” ብሎት ሁላችንም ሳቅን። አንገስም ሳቀ። ያ ግን ከዝርዝሩ በፊት ነው። ከዝርዝሩ በኋላ ከፐርሲ ጋር እንኳ ሲያወራ ዓይን ዓይኑን ያየው ጀመር።

ክላይቭ የተወለደው በድርቅ ዓመት ነው። ሙሪየል ከእሱ በፊት ሁለት ስለቀበረች ስም ለማውጣት ፈርታ ሦስት ወር ጠበቀች። ቀጭን፣ ጆሮው ሰፊ፣ ዝይ የሚፈራ ልጅ ነበር። በአባቱ የጭነት መኪና ሲሄዱ ከፊት አይቀመጥም። ከኋላ ጭነቱ ላይ ይወጣና ፊቱን ወደመጡበት አዙሮ የሚርቀውን አቧራ ያያል። ቤት ሲገባ ያለፉትን አጥር፣ የተቆረጠውን ሽቦ፣ ከጥላ ስር የተኛውን ካንጋሮ ለእናቱ አንድ በአንድ ይነግራታል። አባትየው መንገዱን እያየ ያላየውን ሁሉ ልጁ አይቶታል። ኋላ አየር ኃይሉ በአውሮፕላኑ ጅራት ላይ፣ ጀርባውን ለጓዶቹ ሰጥቶ በጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ መትረየስ ይዞ የሚቀመጥ ተኳሽ ሲያደርገው ሙሪየል ምንም አልገረማት።

በአሥራ አምስት ዓመቱ ከሸላቾች እኩል ቆመ። የሰባቱ በጎች ነገር የመጣው በዚያው ዓመት ነው። ይህን ታሪክ ከአንገስ አፍ አሥር ጊዜ ያልሰማ ሰው ኩራባ ውስጥ አይገኝም። እያንዳንዱ ሸላች የራሱ ጉረኖ፣ የተሸለተው በግ የሚወጣበትም የራሱ መውጫ አለው። የቀኑ ቁጥር ግድግዳው ላይ በተቸነከረው የእንጨት ሰሌዳ በስሙ ስር ይሰመርለታል። አንድ ቀን ፐርሲ ራሱ የሸለታቸውን ሰባት በጎች በክላይቭ መውጫ አስወጥቶ ለልጁ አስቆጠራቸው። አንገስ ግን የአንዱን ሸላች እጅ ከሌላው ይለያል። ሸላቾቹን በሙሉ አቁሞ፣ ሚስማር አንስቶ በልጁ ስም ስር ያሉትን ሰባት መስመሮች ሰርዞ ጫረና፣ በዚህ ቤት ሰው የሌላውን በግ አይሸልትም አለ። ሌሎቹ ሊታጠቡ ሲወጡ ልጁ ብቻውን ቀርቶ ሰባት በግ ሸለተ። አንገስ ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆማል። ከዚያ ወዲህ የማንንም ውለታ አልፈለገም፣ ልጅ ማለት እንዲህ ነው ብሎ ደረቱን ይነፋል። በቤተ ክርስቲያን በተደረገለት የመታሰቢያ ጸሎት ላይም ይህንኑ ተናግሮ ሰውን አስለቅሷል።

ፐርሲ ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ግን አያነሳም። ሱፍ ውስጥ የነበረ እሾህ ወግቶት የልጁ ቀኝ እጅ እስከ አንጓው አብጦ ነበር።

ጦርነቱ ባለቀ በዓመቱ ከኔቪል ፔትሪ ደብዳቤ መጣ። መጥቼ ልጠይቃችሁ እፈልጋለሁ ይላል። አንገስ አንብቦ ምድጃ ውስጥ ከተተው። ሁለተኛውም ምድጃ ገባ። አልፈረድንበትም፤ በዚያው ሰሞን አንድ ሽቅርቅር ሰው የሞቱ ልጆችን ፎቶግራፍ አሳድጌ እመልሳለሁ እያለ፣ እናቶች አንድ ብቻ የቀረቻቸውን ፎቶ እየሰበሰበ ወስዶ የገባበት ጠፍቶ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ሦስተኛውን ደብዳቤ ግን ሙሪየል ራሷ ፖስታ ቤት ሄዳ ተቀበለች፣ ለባሏ ሳትነግረው መለሰች፣ ሰውዬው ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ነገረችው።

“ዓይኑን በጨው አጥቦ ይመጣል?” አለ አንገስ።

“ይምጣ። ደብዳቤ አቃጥለህ ነገሩን የምታውቀው እንዴት ነው?” አለችው።



ሽለታው ሰኞ ሊጀመር፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንገስ ብቻውን ሽለታ ቤት ገብቶ መሸለቻዎቹን ዘይት ሲቀባ እንግዳውን በመስኮቱ አየው። ከባቡር ጣቢያው በእግሩ እየመጣ ነው። ሱፍ ልብሱ ሰፍቶታል፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። የእርሻው አጥር በር ጋ ሲደርስ ከፍቶ ገባና ዞሮ ዘጋው፣ ሰንሰለቱንም ሁለቴ ጠምጥሞ ሚስማሩ ላይ አስገባው። በእኛ አገር የከተማን ሰው የምናውቀው በአጥር በር ነው፤ ከፍቶ ገብቶ መልሶ የሚዘጋ የለም። አንገስ ይህን አይቶ ሊለሰልስ ነበር። መለስ አለና ሌባም በር ይዘጋል አለ ለራሱ።

ሙሪየል ሰውዬውን በረንዳው ላይ ይዛው ትንሽ ቆየች። ትከሻውን ስትነካው አንገስ አየ። ከዚያ ምሳ እስኪደርስ ከባሌ ጋር ተጫወት ብላ ወደ ሽለታ ቤቱ ጠቆመችው። ኔቪል ፔትሪ ገብቶ ከበሩ ስር ቆመ። ሃያ አምስት ቢሆነው ነው፣ የጆሮ ግንዱ ላይ ግን ሽበት አለ።

አንገስ እጁን አልዘረጋለትም። “ባቡርህ መቼ ነው?” አለው።

“አሥር ሰዓት ላይ ነው፣ ሚስተር ታሎክ።”

“እንግዲያው ዙሪያ ጥምጥም አንሂድ። ልጄን ከመሃላችሁ ያስወጣው ማነው?”

ሰውዬው ማንም አላስወጣውም አለና መሬት መሬቱን አየ። በእኛ ዘንድ መሬት እያየ የሚናገር ሰው ወይ አፍሯል ወይ ይዋሻል፤ አንገስ ሁለተኛውን መረጠ። ተጣልተው እንደሆን ጠየቀው። አልተጣሉም። ጥፋት አጥፍቶ እንደሆን ጠየቀው። አላጠፋም፣ እንደሱ ያለ ተኳሽ በሰፈሩ አልነበረም። ታዲያ ምን ሆነ?

እየተንተባተበ፣ እየቆመ ነገረው። በጥር ወር በጅራቱ በኩል ያለው ማሞቂያ በአየር ላይ ተበላሽቶ የክላይቭን ቀኝ እጅ ውርጭ መታው። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኛ። በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ይዘው አራት ጊዜ በረሩ። ደንቡ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው ሠላሳ የበረራ ዘመቻ ነው፤ ሠላሳ የሞላለት ያርፋል። ስድስቱ ሠላሳ ሲሞላቸው ክላይቭ ገና ሃያ ስድስት ላይ ነበር።

“እናንተ ሞላላችሁ፣ እሱን ጥላችሁት ወጣችሁ” አለ አንገስ።

“አልጣልነውም።”

“ታዲያ የት ነበራችሁ?”

አንገስ ያዝኩት አለ በልቡ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያስበው የኖረው ሰው ይኸው ፊቱ ቆሟል፣ አሁን ወይ ይለፈልፋል ወይ ይሸሻል። ኔቪል ግን አልሸሸም። ዓይኑ ግድግዳውን ሲቃኝ ቆየና የእንጨት ሰሌዳው ላይ አረፈ። ተጠግቶ ሄዶ፣ በልጁ ስም ስር ያለውን የሚስማር ጭረት በጣቱ ነካው።

“እነዚያ ሰባቱ እነዚህ ናቸው?” አለ።

ከባህር ማዶ የመጣ ሰው ይህን ከየት ያውቃል?

“ሚስተር ታሎክ፣ አብራሪያችን ስድስታችንን ሰብስቦ ጠየቀን” አለ ኔቪል፣ አሁን መሬት ሳያይ። “አራት እንጨምርና ክላይቭን ይዘነው እንውጣ አለን። ስድስታችንም እጃችንን አወጣን። እምቢ ያለው ክላይቭ ነው። በአባቴ ቤት ሰው የሌላውን በግ አይሸልትም አለን። ቀልዱን መስሎን ሳቅን፣ እሱ ግን ስለ ሰባቱ በጎች ከሀ እስከ ፐ ነገረን፣ ስለ ሚስማሩም ጭምር። አራቱ የእኔ ናቸው፣ እኔው እጨርሳቸዋለሁ አለ። ለምነነው ነበር። በማግስቱ ራሱ ሄዶ ተተኪ አድርጉኝ ብሎ ተመዘገበ። በመጀመሪያው በደህና ተመለሰ። በሁለተኛው ቀረ።”

ኔቪል ቀጠለ።

“የቀረውንም ልንገርዎት፣ የመጣሁት ለዚሁ ነው። እጄን ሳወጣ እምቢ ባለ እያልኩ በልቤ እጸልይ ነበር። እምቢ ሲል ደስ አለኝ። በምን ፊቴ እናቱን አያለሁ ብዬ ነው እስከዛሬ የቆየሁት።”

አንገስ ውሸቱን ፈለገ። ከገንፎ ስንጥር የሚያወጣው ሰው፣ የሰውዬውን ንግግር ከላይ ወደታች፣ ከታች ወደላይ ገለባበጠው። ሰባቱን በጎች ማንም ነግሮት ሊሆን ይችላል። ሚስማሩንስ? እሺ፣ ሚስማሩንም። ግን “አራቱ የእኔ ናቸው” የሚለውን ቃል ከክላይቭ በቀር በዚህ ምድር ላይ የሚለው የለም፣ እሱን ካሳደገው ሰው በቀር። የሱፍ መደርደሪያው ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ቆመ። ልጁን የለየውን ሰው ሲፈልግ አብራሪውን ጠርጥሯል፣ አዛዡን ጠርጥሯል፣ ይህን የፖም ገበሬ ልጅ ጠርጥሯል፣ አንድ ቀን ደግሞ አሳፋሪ ነው እንጂ ራሱን ክላይቭን ጠርጥሯል። መላውን ዓለም ጠርጥሮ አንድ ሰው ብቻ ዘሎ ነበር።

ኔቪል ፊቱን አይቶ ፈራ። ቀረብ አለና ድምጹን ዝቅ አደረገ። “ለሚስዝ ታሎክ ይህን መንገር የለብንም” አለ። “አዛዡ ነው በግድ የለየው፣ እኔም ቆሜ አየሁ እላቸዋለሁ። ይጥሉኝ፣ ግድ የለም። እኔ በአሥር ሰዓት ሄጃለሁ፣ እርስዎ ግን ከእሳቸው ጋር ይኖራሉ።”

እውነቱን እንናገር፣ አንገስ ሊቀበለው ፈለገ። ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን ሲንኳኳ ይሰማል። ሙሪየል በአንድ ባዕድ ሰው ብትማረር ምን ይጎዳል? ሰውዬው ሂያጅ ነው። እሷም እሱም አብረው አንድን ሰው እየጠሉ ያረጃሉ፣ በዚህም የሚጽናኑ ባልና ሚስት ሞልተዋል። አፉን ከፍቶ እሺ ሊል ነበር። ሰሌዳው ግን ፊት ለፊቱ ነው።

“አይሆንም” አለ። “የእኔን በግ አንተ አትሸልትልኝም።”

ኔቪልን እዚያው ትቶት ሄደ። ሙሪየል ዱባ እየከተፈች ነበር። ሲገባ ቢላዋውን ይዛ ዞረች።

“ነገረህ?”

“ነገረኝ።”

“ማነው?”

“እኔ ነኝ” አለ አንገስ።

አላመነችውም። ቁጭ ብሎ ነገራት። ከውርጩ ጀምሮ፣ ስድስቱ እጅ ማውጣታቸውን፣ ልጁ የመለሰላቸውን ቃል፣ አንድም ሳያስቀር። ሲጨርስ ሙሪየል ቢላዋዋን ወደ ዱባው መለሰች። ሚስቱ እንድትጮህበት፣ ሳህኑን እንድትወረውርበት የሚመኝ ሰው አይታችሁ እንደሆን፣ ያን ቀን አንገስ እንደዚያ ነበር።

“ያን ማታ እጁን በጨው ውሃ ያጠብኩለት እኔ ነኝ” አለች በመጨረሻ። “ሰባቱን ሸልቶ ሲመጣ እብጠቱ ፈንድቶ እጁ መግል በመግል ሆኖ ነበር። ለአባባ እንዳትነግሪው አለኝ። አልነገርኩህም። ሰው ሁሉ እንዴት ያለ አባት ነው ይልህ ነበርና እኔም ዝም አልኩ።”

ዱባውን ጨርሳ ከተፈች። ከዚያ ሂድና ልጁን ጥራው አለችው፣ ምሳ ሳይበላ ከዚህ ቤት አይወጣም። አንገስ ወጣ። ኔቪል በረንዳው ስር ባርኔጣውን እንደያዘ ቆሞ ነበር። አንገስ እጁን ዘረጋለት። የአሥር ሰዓቱ ባቡር ያለ እሱ ሄደ፣ የእሑዱም እንደዚያው።

ሰኞ ሽለታው ተጀመረ። ከሰሜን የመጡ ሁለት አዲስ ሸላቾች ነበሩ። ለሻይ ስናርፍ ፐርሲ እንደልማዱ ሊያጫውታቸው ፈልጎ፣ “አንገስ፣ እስቲ የሰባቱን በጎች ለእነዚህ ንገራቸው” አለው።

አንገስ እርሳሱን ከሰሌዳው አነሳና ወደ ፐርሲ ዞረ።

“የልጁ እጅ አብጦ ነበር” ብሎ ጀመረ።